ያ መዝገብ የእናንተን ጉዳይ ይመስላል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አጎትህ በገዛው ቤት ሙግት ገጥሟል፤ ሻጩም «በሰበር ያለቀ ነገር ነው፣ ውሉ ፈራሽ ነው» ብሎ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ፎቶ ኮፒ አሳይቶታል። አንተ ደግሞ አንድ ችሎት ለሌላ ሰው የወሰነው እናንተን ለምን እንደሚያስገድድ፣ መንግሥታትስ «ከዚህ በፊት እንዲህ ተደርጓል» እያሉ የሚሟገቱት ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ መጀመሪያ በታይፕ በኋላም በኮምፒውተር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። የምመልስልህ ከጠረጴዛዬ የታየኝን ነው።

ሕጉን ላስቀድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በእነርሱ አገር ወግ ዳኛ በሌላ ዳኛ ፍርድ አይታሰርም። እኛም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበርን። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት አለ ሲባል የሚያርመው ችሎት፣ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል አለ። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይህንን ይዞ ቀጠለ፤ ነባሩን ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙም አደረገ። እንግዲህ የሚያስገድደው የሕግ ትርጉሙ ነው። ማን ረታ፣ ማን ተረታ የሚለው የተከራካሪዎቹ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ መታተም ከጀመሩ ወዲህ የእኛ ሥራ መልኩን ለወጠ። ድሮ ደንበኛ ሲመጣ ታሪኩን ያጫውተን ነበር። ኋላ ኋላ ገና ሳይቀመጥ የተጨማደደ ፎቶ ኮፒ ከኪሱ ያወጣል፤ ያውም ብዙውን ጊዜ «ጸንቷል» ወይም «ተሽሯል» የሚለውን የመጨረሻ ገጽ ብቻ።

የአጎትህ ሻጭ ያሳየው መዝገብ ቁጥር 21448 ይመስለኛል። በ1999 ዓ.ም. የተወሰነ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ን ተርጉሞ፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ (እንደ ውልና ማስረጃ ባለ መሥሪያ ቤት) ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል። እኔም በዚሁ መዝገብ ጣቴን ተቃጥያለሁ።

በ2004 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ያንኑ ውሳኔ በፌስታል ይዘው መጡ። ቤታቸውን ሸጠዋል፤ ውሉን ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ፈርመው ውልና ማስረጃ ሳይሄዱ ቀርተዋል። የቤት ዋጋ ሲንር ማስረከቡን አልወደዱም፤ ገዢው ከሰሳቸው። የመከላከያ መልሳቸውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ውሉ በውል አዋዋይ ፊት ስላልተደረገ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም ብዬ 21448ን ጠቀስሁ። እዚያ ላይ ባቆም መልካም ነበር። ሰውየው ግን ከጎኔ ቆመው «ቀሪውን ብር ስንት ጊዜ ጠይቄው እንዳልሰጠኝም ጻፍልኝ እንጂ» አሉኝ። ጻፍሁ። እንዲያውም ዐረፍተ ነገሩ አምሮልኝ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ችሎት ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። ዳኛዋ መልሱን አገላብጠው ሲያበቁ፣

«ቀሪውን ገንዘብ የጠየቁት በየትኛው ውል ነው?» አሏቸው።

ዝም።

«ውሉን ተዋውለዋል ወይስ አልተዋዋሉም?»

«መዋዋሉንስ ተዋውያለሁ፤ ግን…»

ጸሐፊዋ ይህችን ስትመዘግብ የቁልፎቹ ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ። የገዢው ጠበቃ የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር። ከ21448 በኋላ፣ ሻጩ መዋዋሉን ካልካደ በውል አዋዋይ ፊት አለመደረጉ ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም የሚል የሰበር ትርጉም መጥቶ ነበርና እርሱን አቀረቡ። ደንበኛዬ ተረቱ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ እዚህ ላይ ገመዱን የበጠስሁት ግን እኔ ነኝ። የተቀበልሁትን ሰማንያ ብር ልመልስላቸው ብል እንቢ አሉኝ። ይህም አልተዋጠልኝም።

እንግዲህ ሁለቱም ውሳኔዎች አስገዳጅ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን መዝገብ ይዟል። ሙግቱ የእኛ ጉዳይ የትኛውን ይመስላል የሚለው ላይ ነው። ስለ መንግሥታት የጠየቅኸውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚለየው እዚያ የሚያስገድድ ሰበር ሰሚ አለመኖሩ ነው። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እንኳ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 59 ፍርዱ ከተከራካሪዎቹ በቀር ማንንም አያስገድድም። ሆኖም የራሱን የቀድሞ ፍርዶች እየጠቀሰ ነው የሚፈርደው።

ለምሳሌ የአፍሪካን ድንበር ውሰድ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ። በማግስቱ ዓመት መሪዎቹ ካይሮ ላይ ተሰብስበው፣ ነፃነት ሲገኝ የነበረው ድንበር ይከበር ብለው ወሰኑ። ሶማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉትም። የቀሩት የተስማሙት ድንበሩን ወድደውት አይደለም፤ የአንዱ አጥር ከተነካ የሁሉም አጥር እንደሚነካ ስለገባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቡርኪና ፋሶና ማሊ በድንበር ሲካሰሱ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ይህንኑ መርህ ይዞ ፈረደ።

አሁን ሙግቱን ተመልከት። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ስትለይ የካይሮ ውሳኔ ፈረሰ ያለ ነበር። ሌላው ደግሞ፣ የለም፣ ኤርትራ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ስለነበረች ድንበሯ ያኔውኑ የተሰመረ ነው፤ ውሳኔው ተከበረ እንጂ አልፈረሰም አለ። ሶማሊላንድም ዛሬ የምትለው ይህንኑ ነው፦ ድንበሬ የእንግሊዝ ሶማሊላንድ ድንበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ከሶማሊያ ጋር ሳልዋሐድ በፊት ለአምስት ቀን ነፃ አገር ነበርሁ ትላለች። ሞቃዲሾ በበኩሏ በነፃነት የተዋሐደው አገር ድንበር ነው የሚከበረው ትላለች። አንዱን የካይሮ ውሳኔ ሁለቱም ወደየራሳቸው ይጎትቱታል።

«ይህ ለሌላ ምሳሌ አይሆንም» ብሎ መናገርም አያድንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሰርቢያ ለተገነጠለችው ለኮሶቮ ነፃነት እውቅና ስትሰጥ ጉዳዩ ልዩ ስለሆነ ለሌላ አይጠቀስም ብላ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ፑቲን የዩክሬንን ክሪሚያ ወደ ሩሲያ ሲያጠቃልሉ ኮሶቮን ጠቀሱ። ሁለቱ ጉዳዮች በእኔ ዓይን አይመሳሰሉም፤ ኮሶቮን ሌላ አገር ወደ ራሱ አልጠቀለላትም። ግን የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ ያደረገ ሰው ይህን አያነብልህም።

በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥት ትርጉም የምክር ቤቶችን የሥራ ዘመን አስረዝሟል። የምክር ቤቱ ትርጉም ደግሞ ወደፊት ለሚነሣ ተመሳሳይ ጉዳይ እንዲያገለግል በሕግ የተደነገገ ነው። አንድ ቀን ያ ውሳኔ ሲጠቀስ፣ ወረርሽኙ የቱን ያህል የውሳኔው ምሰሶ ነበር የሚለው ያጨቃጭቀናል።

መጥቀስ ብቻ ሳይሆን እንቢ ማለትም ወግ ይሆናል። ከልደታ ሩቅ ያልሆነው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚህ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ጠቅልያለሁ ስትል ብዙ መንግሥት አጎንብሶ አለፈ፤ ሜክሲኮ እውቅና አልሰጠችም። ከዚያ በፊት አሜሪካ ጃፓን ከቻይና በጉልበት ለያዘችው ማንቹሪያ እውቅና አልሰጥም ብላ ነበርና፣ በኃይል የተያዘ መሬት እውቅና አያገኝም የሚለው አቋም ያለ መነሻ አልነበረም።

ወደ አጎትህ ልመለስ። ሻጩ ያቀረበውን የመከላከያ መልስ ኮፒ ከመዝገብ ቤት አስወጡና አንድ ነገር ፈልጉበት፦ ውሉን ጨርሶ ክዷል ወይስ የሆነ ቦታ ስለ ቀሪ ክፍያ፣ ስለ ርክክብ ቀን ያነሣል? ካነሣ መስመሩን አስምሩበትና ለጠበቃ አሳዩ። 21448ንም ሙሉውን አንብቡት፤ እዚያ የተከራከሩት ሰዎች ምን አምነው ምን እንደካዱ ከፊተኛው ገጽ ጀምሮ ተጽፏል። የአጎትህን ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው ካወቅኸው ደግሞ ሰላም በልልኝ፤ አጎትህ ከጎኑ ቆመው «ይህችንም ጨምርልኝ» ሲሉት ብዕሩን ያስቀምጥ።