የአባቴን ልጅ የት ልፈልገው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። አርባው ዕለት አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ አባቴ ከ1969 እስከ 1972 ዓ.ም. አሰላ ሲያስተምር ዓለሚቱ ከምትባል ሴት ወንድ ልጅ እንደወለደ ነገረኝ። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው የለም። በአባቴ ስም የሚጠራ ሰው ፌስቡክ ላይ ብፈልግ አጣሁ። እናቴ ነገሩን አልሰማችም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃው በሦስታችን ልጆቹ ስም ቶሎ ይውጣ እያለ ነው። ከየት ልጀምር?
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ያጡት የተሳሳተ ስም ይዘው ስለፈለጉ ሊሆን ይችላል። አባቱ ያላሳደገው ልጅ ብዙውን ጊዜ በእናቱ አባት ይጠራል፤ እናቱ ኋላ ካገባች ደግሞ በእንጀራ አባቱ። ስለዚህ ልጁን ለጊዜው ይተዉትና እናቱን ይፈልጉ። የወይዘሮ ዓለሚቱን አባት ስም ካገኙ የወንድምዎንም ሙሉ ስም ሳያገኙ አይቀሩም።

ወደ ነገረዎት ሰው ይመለሱ፤ በስልክ ሳይሆን በአካል፣ የዚያን ዘመን ፎቶ ይዘው። «ማን ነበረች?» ቢሉት «አላስታውስም» ይልዎታል። አባትዎ ማን ግቢ ተከራይተው እንደኖሩ፣ ምሳ የት ይበሉ እንደነበር፣ አብረዋቸው ካስተማሩት ማን በሕይወት እንዳለ፣ ሴትየዋ የከተማው ተወላጅ ትሁን ከሌላ አገር የመጣች ይጠይቁት። የሰሙትን በዚያው ቀን ይጻፉት።

ቀጥሎ የአባትዎ ወረቀት ነው። ሳጥኑ ሳይበተን ይዩት። የዝውውር ደብዳቤዎች አሰላ የገቡበትንና የለቀቁበትን ቀን ይነግሩዎታል። ከሁሉ የሚበልጠው የሐዋላ ደረሰኝ ነው፤ ገንዘብ ይልኩላት ከነበረ የተቀባይዋ ስም ከነአባቷ ተጽፎበታል። የፎቶዎችን ጀርባም ያንብቡ። መሥሪያ ቤታቸው የግል ማኅደር ካለው የሕይወት ታሪክ ቅጹን ለማየት ያመልክቱ። ለሰው ያልነገሩትን ልጅ ለቅጹ የነገሩ አባቶች አሉ፤ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ የጡረታ አበል ስለሚያገኝ።

የልደቱን ጊዜ ያስሉ። አባትዎ መስከረም 1969 ገብተው ሐምሌ 1972 ከለቀቁ፣ ልጁ የተወለደው ከሰኔ 1969 እስከ ሚያዝያ 1973 ባለው ጊዜ ነው። በሰባት ዓመቱ ትምህርት ከጀመረ አንደኛ ክፍል የገባው ከመስከረም 1977 እስከ መስከረም 1981 ይሆናል። አሰላ ሲሄዱ የትምህርት ቤቶቹን የእነዚያን ዓመታት ሮስተር ለማየት ይጠይቁ። በልደት መዝገብ ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ በአገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እናትየዋ ኦርቶዶክስ ከነበረች ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳልና የአጥቢያውን ደብር ይጠይቁ። መዝገብ ባይኖር እንኳ የክርስትና አባቱን የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። ቀበሌ ሲሄዱ የድሮውን ቁጥር ይያዙ፤ በብዙ ከተማ ቀበሌዎች ተዋህደው ቁጥራቸው ተለውጧል። የዕድር ዳኞችና ሰፈሩ ውስጥ ያረጁ እናቶች ግን ከየትኛውም መዝገብ ይበልጣሉ።

እዚያ ሲደርሱ «ወንድሜን ፍለጋ መጣሁ» አይበሉ። ሰውየው ሌላ ሰው «አባዬ» እያለ አድጎ፣ ሚስቱና ልጆቹም በዚያው አምነው ሊሆን ይችላል። «የቀድሞ አስተማሪ ልጅ ነኝ፤ ወይዘሮ ዓለሚቱን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል፤ ውሸትም የለበትም። እናትየዋ ካሉ የመጀመሪያው ቃል ለእሳቸው ይድረስ፣ ለብቻቸው፣ ቢቻል በዕድሜ በሚመጥኗቸው ሴት በኩል። ሦስታችሁም በአንድ መኪና ሄዳችሁ ደጃቸው ላይ አትውረዱ። እሳቸው ከሌሉና በቀጥታ ለእሱ መጻፍ ካስፈለገ አጭር ይሁን፦ «አባቴ እገሌ ከ1969 እስከ 1972 ዓ.ም. አሰላ አስተምሯል። በቅርቡ ዐርፏል። ቤተሰባችንን የሚመለከት ጉዳይ ስላለ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ለብቻዎ ላናግርዎ እወዳለሁ።» ስልክዎን ያስቀምጡና ጥቂት ሳምንታት ይታገሡ። በየቀኑ መደወል በሩን ያዘጋል።

ለእናትዎ ግን ልጁ ከመገኘቱ በፊት ይንገሯቸው። ከተገኘ በኋላ መስማት ሁለት ጊዜ መታለል ይሆንባቸዋል።

አሁን ወደ ወንድምዎ ጥድፊያ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እኩል ይወርሳል። ሒሳቡ ሲታይ የሚፈራውን ያህል አይደለም። የጋራ ሀብት የሆነው ቤት 4 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ ግማሹ የእናትዎ ነው፤ ውርስ የሚባለው 2 ሚሊዮኑ ብቻ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ለሦስት ሲካፈል ለያንዳንዳችሁ 666,666 ብር ግድም፣ ለአራት 500,000 ብር ይደርሳል። ሰምታችሁ እንዳልሰማችሁ «ከእኛ ሌላ ልጅ የለም» ብላችሁ ምስክር ብታቆሙ ግን ማስረጃው ኋላ ሊሰረዝ ይችላል። ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት የመክሰሻ ጊዜ አለው። የመጨረሻው ገደብ 15 ዓመት ነው፤ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ በቀር። በሌላ በኩል የአንድ ሰው ወሬ ብቻውን ወራሽ አያደርግም፤ ልጅነቱን ማስረዳት የእሱ ፋንታ ነው። እኛ ብንሆን የሰማነውን ለፍርድ ቤቱ እንገልጽ ነበር፤ ፍለጋው እስኪያልቅም ቤቱን አንሸጥም።

የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ የሚመጣው ሰውየው ተገኝቶ ሲፈቅድ ነው። በአባት የሚገናኙ ወንድማማቾች ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞሶም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከእርስዎ ከሴቷ ይልቅ ወንድምዎ ቢመረመር ይሻላል። ይህ የአባት ወገን መሆኑን ያሳያል እንጂ የአጎት ልጅም ያንኑ ስለሚይዝ ብቻውን አይበቃም፤ ጠቅላላው ምርመራ (የዋይ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹም ክሮሞሶሞች) አብሮ ይሠራ። የአባትዎ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ካለ በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡት፤ በላስቲክ ከታሸገ እርጥበቱ ናሙናውን ያበላሻል። የተቆረጠ ፀጉር ሥር ስለሌለው ለዚህ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ማይሄሪቴጅ በሚባለው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ድረ ገጽ ላይ አዲስ አበባ ተወልዳ በጉዲፈቻ ስዊድን ካደገች ሴት ጋር 1,720 ሳንቲሞርጋን (የጋራ ዲ.ኤን.ኤ. መለኪያ) ተገናኘን። በዕድሜ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። «ግማሽ እህት» ይላል። አባቴ በሕይወት የለም፤ እናቴ አለች። ልመነው?
ት.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

መልስ፦ ቁጥሩ ይስማማል። በአንድ ወላጅ የሚገናኙ እህትማማቾች በአማካይ 1,760 ገደማ ይጋራሉ፤ ከ1,160 እስከ 2,430 ድረስም ይታያል። የአጎት ልጅ አማካይ 870 ገደማ ነው፤ ከ1,400 አያልፍም፤ ስለዚህ የአጎትዎ ልጅ አይደለችም። ችግሩ አክስትና የወንድም ልጅም በዚያው ክልል መውደቃቸው ነው። ዕድሜዋ ለወንድም ልጅነት አይመችም፤ ታላቅ ወንድም ካለዎት ግን አይዝለሉት።

የሚለየው የእናትዎ ምርመራ ነው። እናትዎ ከሴትየዋ ጋር ምንም ካልተጋሩ ዝምድናው በአባት በኩል ነው፤ 1,750 አካባቢ ከተጋሩ ግን የወንድምዎ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ገንዘብ የማያስወጣ ሌላ መንገድም አለ። ሁለታችሁም ሴቶች ናችሁና አባታችሁ አንድ ከሆነ ከእሱ የወረሳችሁት ኤክስ ክሮሞሶም ሙሉ በሙሉ አንድ ነው። የሁለታችሁን የዲ.ኤን.ኤ. ፋይል አውርዳችሁ ጌድማች በሚባለው የማወዳደሪያ ድረ ገጽ ላይ ጫኑና ኤክሱን አወዳድሩ። ከዳር እስከ ዳር ካልገጠመ የአባትዎ ልጅ አይደለችም።

የጉዲፈቻ ወረቀቷ ላይ ያለውን የወላጅ ስም እንደ መጨረሻ እውነት አትያዙት፤ የልደት ዓመቷም ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ጉዲፈቻውን ያጸደቀውን ፍርድ ቤት የውሳኔ ግልባጭ ትጠይቅ፤ ልጅቱን ማን እንዳስረከበ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ቤት ውስጥ የተወሰደ ናሙና የማን እንደሆነ ያረጋገጠ ስለሌለ፣ ነገሩ ወደ ውርስ ከሄደ ፍርድ ቤት ያዘዘው ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ አባቴ ወታደር ነበር። አሥመራ ሳለ የወለዳት እህቴ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። እሱም አሁን ሞቷል። ማን ይፈልግልኛል?
አ.፣ ከጅዳ

መልስ፦ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጦርነትና በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን በነፃ ያፈላልጋል። አገር ቤት ያለ ዘመድዎ ያመልክትልዎ። የእሷን ሙሉ ስም፣ የእናቷንና የእናቷን አባት ስም፣ የትውልድ ዓመቷን፣ የመጨረሻ ሰፈሯን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኛችሁበትን ጊዜ ይጻፉ፤ የአባትዎን ስም ደግሞ ሠራዊቱ ውስጥ ይጠሩበት ከነበረው ጋር። ብትገኝ አድራሻዋን የሚሰጡዎት እሷ ስትፈቅድ ብቻ ነው።