ድርጅቱ ተሸጠ፤ የእኔስ ሥራ?

ወንድሜ፣ «መሥሪያ ቤታችን ለሌላ ድርጅት ከተሸጠ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፤ ልልቀቅ ወይስ ልጠብቅ?» ላልከው፣ እኔም አልፌበታለሁና ስሜቱ ይገባኛል። ሰውን የሚጨርሰው አለማወቁ ነው።

በንዴት አትልቀቅ። በራስህ ፈቃድ ከወጣህ የስንብት ክፍያውን ልታጣ ትችላለህ። መጀመሪያ የቅጥር ውልህን አውጥተህ አንብብ። የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት ነው? ያልተጠቀምክበት የዓመት ፈቃድስ? አዲስ ውል ፈርም ከተባልክ፣ የአገልግሎት ዘመንህ ከዜሮ እንዳይጀምር በጽሑፍ አረጋግጥ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ቅነሳ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነካው በሁለቱም ድርጅቶች ውስጥ ያለ ክፍል ነው፤ ሒሳብ፣ የሰው ኃይል፣ አይቲ። አንተ እዚያ ከሆንክ ሲቪህን ዛሬውኑ አድስ። ካልሆንክም አድስ። የሠራሃቸውን ሥራዎች በቁጥር አስደግፈህ ጻፍ፤ አዲሱ አለቃ አያውቅህም፣ የድሮው ምስክርህም ሊሄድ ይችላል።

የኮሪደር ወሬ ግን ይብቃህ። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው፤ ለወራት ስሰማ ከርሜ ግማሹም አልሆነም። አለቃህን «የእኛ ክፍል ጉዳይ መቼ ይወሰናል? ማንስ ነው የሚወስነው?» ብለህ በቀጥታ ጠይቀው። ቤት ውስጥም አትደብቅ፤ ወጪ መቀነሱን ከአሁኑ አብራችሁ ጀምሩ።