«ሆዱ ሲሰፋ»፦ በመርፌ ነው ወይስ በጥጥ?

ጥያቄ፦ ለጀማሪዎች ትንሽ የጨርቅ ጥንቸል አሰፋፍ የሚያሳይ መመሪያ ጽፌ ነበር። «የአሻንጉሊቱ ሆድ ሲሰፋ ጥጥ መጨመር አቁሙ» አልሁ፤ ክፍተቱ በክር ሲዘጋ ማለቴ ነበር። አንዲት አንባቢ ግን ሆዱ ነፋ ማለት ሲጀምር አቆመች። ስሕተቱ የማን ነው? «ሁለቱ ሰፋ አንድ ቃል ናቸው» የሚሉኝም አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ዐረፍተ ነገርዎ ሰዋስዉ አልተጓደለም፤ አንባቢዎም በትክክል አንብባለች። እርስዎ የጻፉት «ሲሰፋ» «ሰ»ም «ፋ»ም ጠብቀው የሚነበቡበት ነው። ተደራጊው ግስ «ይትሰፋ» የነበረ ሲሆን «ት» በ«ሰ» ተውጦ «ሰ»ን አጥብቆ ቀረ። እርስዋ ያነበበችው ሁለቱም ፊደላት የላሉበትን፣ ሰፊ መሆንን የሚያመለክተውን «ሲሰፋ» ነው። በአፍ ቢነግሯት ኖሮ አትሳሳትም ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱ አንድ መልክ አላቸው።

ይህን ጉዳይ ባነሣሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ፊደላችን ያለ ጥብቀት ምልክት ኖሯል፣ ይኖራልም»። በ«ገና» እና በ«ዋና» ላይ ይሁን እሺ። ነገር ግን ዐውድ የሚረዳው ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ነው። የስፌት መመሪያ የሚጻፈው ደግሞ ስፌት ለማያውቅ ነው። እዚህ ላይ ዐውዱ ጭራሽ አሳሳች ሆኗል፤ ጥጥ የሚከቱበት ሆድ መስፋቱም፣ መሰፋቱም አይቀርምና።

ቃሉን ከሥራው ጋር ለማየት ስል እኔም መርፌና ክር ያዝሁ። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ በጥንቸል ቅርጽ ቆርጬ ፊታቸውን አጋጠምሁ፤ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብዬ በጀርባቸው በኩል ዙሪያውን ሰፋሁ። ሆዱ አጠገብ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተውሁ። አንገቱ ላይ፣ ስፌቱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ክሩን ሳልነካ ጠርዙን በመቀስ ሰነጣጠቅሁት፤ ይህ ካልተደረገ ጨርቁ ሲገለበጥ ይጨማደዳል። ከገለበጥሁት በኋላ ጥጡን በትንሽ በትንሹ መጀመሪያ ወደ ጆሮውና ወደ አንገቱ በእርሳስ ጫፍ ገፋሁት። ያን ጊዜ የአንባቢዎን ችግር በጣቶቼ አወቅሁት። ሆድ ለክፍተቱ ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ይነፋል። አንገት ግን ብዙ ጥጥ ይፈልጋል፤ ሆዱ «ሲሰፋ» ካቆሙ የጥንቸሉ ራስ በደረቱ ላይ ይወድቃል። አንድ ያልተጻፈ ጥብቀት የአንድ ጥንቸል አንገት ያጎብጣል ማለት ነው፤ እኔ ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ሁለቱን ግሶች አንድ ሥር የሚሰጧቸው ሰዎች «ጨርቅን ከጨርቅ ማጋጠም ጨርቁን ማስፋት ነው» ይላሉ። ስፌት እንዲያውም ያጠባል፦ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጨርቆች ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ትተው ቢሰፉ 19 እንጂ 20 አይሆኑም። ጠንካራው ማስረጃ ግን ግእዝ ነው። በመርፌ የሚደረገው «ሰፈየ» ነው፤ አዳምና ሔዋን የበለስ ቅጠል በሰፉበት ቦታ፣ በግእዙ ዘፍጥረት 3፥7፣ ግሡ «ሰፈዩ» ይላል። የመዘርጋቱና የመስፋፋቱ ግን «ሰፍሐ» ነው፤ «ሰፍሐ እደዊሁ» ሲባል በቅዳሴ የሰማ ሰው ያውቀዋል፣ እጆቹን ዘረጋ ማለት ነው። አማርኛ የመጨረሻውን «የ»ም «ሐ»ም ጥሎ ሁለቱን «ሰፋ» አደረጋቸው። ስሞቹ ላይ ግን አሻራቸው አልጠፋም። «ስፌት» ኃምሱን ያገኘው ከ«የ» ነው፤ ከ«ፈረየ» «ፍሬ» እንደተገኘ ሁሉ። «ስፋት» ራብዑን ያገኘው ከ«ሐ» ነው፤ «ፍትሐት» «ፍታት» እንደሆነ ሁሉ። ባለቤታቸውን ስንጠራም ይለያሉ፦ ልብስ ሰፊው ፊው ላልቶ፣ ሰፊው ሜዳ ፊው ጠብቆ። ወደ አስደራጊው ብንሄድ «አሰፋ» «ሰ» ላልቶ ሲነበብ ቦታ ጨመረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ልብስ በሌላ ሰው አሠራ ይሆናል።

ከጥያቄዎ ጥቂት ልውጣና፣ መርፌ ራሱ ከ«ሰፈየ» ጋር ዝምድና የለውም። ግእዙ «መርፍእ» ነው፣ ከ«ረፍአ»፤ ሰፋ፣ ጠገነ ማለት ነው። ግሡ ከአማርኛ አፍ ጠፋ፤ መሣሪያው «መርፌ» ቀረ፣ ቁራጩም «እራፊ» ቀረ። በእራፊ ጨርቅ ላይ መርፌ የሚሰካ ጀማሪ የሞተውን ግስ ሁለት ልጆች እንደገና ያገናኛቸዋል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ብጠየቅ በአንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት የሚታየውን፣ ከፊደሉ ራስ በላይ የሚቀመጠውን የጥብቀት ምልክት መልሼ «ሲሰ፟ፋ፟» ብዬ እጽፍ ነበር። ምልክቱ በኮምፒውተር ፊደላችን ውስጥም ቦታ አለው። ሆኖም አንባቢው አልተቀበለውም፤ ብዙ ሰው ሲያየው የወረቀት እድፍ ይመስለዋል። ሳልወድ እቀበላለሁ። ስለዚህ እርስዎ ዐረፍተ ነገሩን ይለውጡ፦ «ጆሮውና አንገቱ ጠንከር እስኪሉ ጥጥ ክተቱ፤ ክፍተቱን በክር መዝጋት ስትጀምሩ ጥጥ መጨመር አቁሙ»። ሰፊ መሆኑን ለመግለጽም «ሆዱ ሲነፋ» ወይም «ሲወጠር» ይበሉ። «ሰፋ»ን ለመርፌ ብቻ ይተዉት።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ጥንቸሉን «አሻንጉሊት» ብለውታል። በእኔ ጆሮ አሻንጉሊት የሰው መልክ ያለው፣ ፊትና እጅ ያለው ነው፤ የጨርቅ ጥንቸል የጨርቅ ጥንቸል ነው። ይህን የሚደግፍልኝ ማስረጃ ግን በእጄ የለም። ድቡም፣ ዝሆኑም፣ ጥንቸሉም አሻንጉሊት ከተባሉ ቆይተዋል፤ ልጆች ሌላ ስም አያውቁላቸውም። እንደጻፉት ይተዉት፤ እኔ የሰፋሁትን ግን አሻንጉሊት ብዬ አልጠራውም።