ውሸትና ቀደዳ አንድ አይደሉም

«ሁለቱም እውነቱን ካልነገሩኝ ምን ልዩነት አላቸው?» ላልከው፦ ልዩነቱ ያለው ተናጋሪው ለእውነቱ ግድ ያለው መሆን አለመሆኑ ላይ ነው።

የመኪና ደላላ ውሰድ። ሞተሩ መቀየሩን እያወቀ «አልተቀየረም» ካለህ ዋሽቶሃል፤ እውነቱን ያውቃል፣ እንዳትደርስበትም ይጠነቀቃል። ሌላው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ያንኑ ቃል ቢልህ ግን አፉ እንዳመጣለት ተናገረ፣ ቀደደ። ጉዳዩ እንድትገዛ እንጂ ሞተሩ አይደለም። ሞተሩ በአጋጣሚ ያልተቀየረ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቀደዳነቱ አይቀርም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ሲጽፍ የባሰው የእውነት ጠላት ሁለተኛው ነው ብሏል። እኔም እስማማለሁ፦ ውሸታም ለመደበቅ ሲል እንኳ እውነቱን ይከታተለዋል።

ለመለየት «በምን አወቅህ?» በለው፤ ቆይተህ ድገምለት። ውሸታም መልሱን አዘጋጅቷል፣ ያንኑ ይደግማል። የቀዳጁ ግን በየጥያቄው ይቀያየራል። ጎበዝ ቀዳጅ ሊያመልጥህ ስለሚችል፣ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር ራስህ አመሳክር።