«ቀኔ አለፈ፤ አርግዤ ይሆን?»

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ወር አበባ መዘግየት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ማንነትን የሚገልጥ ነገር አውጥቼ እንዲህ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ወር አበባዬ በ28 ቀን ነበር የሚመጣው። ዛሬ 33ኛ ቀኔ ነው። በሽንት ተመረመርኩ፣ «የለም» አለ። ግን ደሙም አልመጣም። ምርመራው ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ከየት ቆጠርሽ? ቁጥሩ የሚጀምረው ደም ካየሽበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ካቆመበት ቀን የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው፣ ሒሳቡ አራት አምስት ቀን ይዛባባቸዋል። ያንቺ ትክክል ነው እንበል።

ወር አበባ የሚመጣው እንቁላል ከወጣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ይህ ሁለተኛው አጋማሽ እምብዛም አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው የፊተኛው ነው፤ ማለትም እንቁላሉ እስኪወጣ ያለው ጊዜ። በዚህ ወር በ14ኛው ቀን መውጣት የነበረበት በ20ኛው ቀን ወጥቶ ከሆነ ደምሽ በ34ኛው ቀን አካባቢ ይመጣል። ያኔ የዘገየው እንቁላሉ ነው እንጂ ወር አበባሽ ሰዓቱን አልሳተም።

ምርመራውም የሚያደናግረው በዚሁ ምክንያት ነው። ፅንስ ቢኖር እንኳ ማህፀን ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው እንቁላል ከወጣ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ኤችሲጂ የሚባለው ሆርሞን ሽንት ውስጥ መታየት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያም በሁለት ሦስት ቀን እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ «የለም» ያለው ምርመራ ከሳምንት በኋላ «አለ» ሊል ይችላል። ቀን መቁጠር ለሚያምታታችሁ ሁሉ የምሰጠው ቀላል መለኪያ አለ፦ ያለመከላከያ ከተደረገው የመጨረሻ ግንኙነት 21 ቀን ካለፈ በኋላ፣ በጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት የተሠራ ምርመራ «የለም» ካለ እመኑት።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው መስመር በጣም ደብዛዛ ነው። አለ ነው የለም?

መልስ፦ ስንት ደቂቃ ላይ አየሽው? ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ከወጣና ቀለም ካለው፣ የቱንም ያህል ቢደበዝዝ አለ ማለት ነው። አንዲት ሴት አንድ ጊዜ የትናንቱን መመርመሪያ በሶፍት ጠቅልላ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ማታ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ ጠዋት ከቆሻሻ ቅርጫት አንስታ ስታየው ግን ሁለት ሆኖ አገኘችው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዳላለቀሰች ሁሉ አሁን ደግሞ እንደገና ልታለቅስ ነው። ሁለተኛው መስመር ግራጫ ጥላ ነው፤ ቀለም የለውም። ሽንት ሲደርቅ እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል። ጥለን አዲስ ሠራን፣ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ጊዜው ካለፈ በኋላ የታየን ነገር አትቁጠሩት፤ በሁለት ቀን ልዩነት ድገሙት።

ጥያቄ፦ ሽንት ላይ ጨው ወይም ስኳር አድርጎ ማየትስ?

መልስ፦ ጨውና ስኳር ኤችሲጂን አይለዩም። ተዉት።

ጥያቄ፦ ፖስትፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን) ወሰድኩ። ከአምስት ቀን በኋላ ትንሽ ደም አየሁ፤ ወር አበባዬ ግን በቀኑ አልመጣም። ደሙን እንደ ወር አበባ ልቁጠረው?

መልስ፦ አትቁጠሪው። ክኒኑ የሚሠራው እንቁላል እንዳይወጣ በማዘግየት ነው። ስለዚህ ወር አበባሽን በሳምንት ገደማ ሊያስቀድመው ወይም ሊያዘገየው ይችላል፤ መሐል ላይ ጠብ ጠብ ማለትም የተለመደ ነው። ከጠበቅሽው ቀን 7 ቀን ካለፈ ተመርመሪ። ሁለት ነገር ልጨምር። ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰደው ይህ ክኒን በቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። ከተወሰደ በኋላ ለሚደረግ ግንኙነት ግን አይከላከልም፤ ብዙዎች የሚያረግዙት በዚህ መዘናጋት ነው።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር መርፌ ከተወጋሁ 8 ወር አለፈኝ፣ አልደገምኩም፤ ልጅ እፈልጋለሁ። ወር አበባዬ አልተመለሰም። መርፌው መካን አድርጎኝ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ይህን ፍርሃት በየቀኑ ነው የምሰማው። መርፌው ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከመጨረሻው መርፌ እስከ ማርገዝ አማካዩ 10 ወር ገደማ ነው፣ ዓመት የሚያልፋቸውም አሉ። ደግሞ እወቂ፦ እንቁላል የሚወጣው ከደሙ በፊት ነው። የመጀመሪያውን ወር አበባ ሳታይ ልታረግዢ ትችያለሽ፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ተመርመሪ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ። ፍቅረኛዬ ስድስት ቀን አልፏታል። ግን ሁሌም ውጪ ነው የምፈስሰው፤ እሷም «አደገኛ ቀን አልነበረም» ብላ ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም አያስተማምኑም። ማውጣት አንዴ ቢያመልጥህ በቂ ነው። «አደገኛ ቀን» የሚባለውም እንቁላሉ መቼ እንደሚወጣ ቀድሞ ለማወቅ መሞከር ነው፤ እንቁላሉ አንድ ቀን ብቻ ቢቆይም ዘርህ ግን እስከ 5 ቀን በሕይወት ቆይቶ ሊጠብቀው ይችላል። መመርመሪያውን አንተው ገዝተህ ውሰድላት። «ጭንቀት ነው» እያላችሁ ሌላ ሳምንት አትቀመጡ።

ጥያቄ፦ እውነት ግን ጭንቀት ወር አበባ ያስቀራል?

መልስ፦ እንቁላሉ ሳይወጣ በፊት የመጣ ከባድ ጭንቀት፣ አዎ። አንጎል «አሁን ጊዜው አይደለም» ብሎ ትእዛዙን ያዘገያል። ከወጣ በኋላ የመጣ ጭንቀት ግን፣ ለምሳሌ «ዘገየብኝ» ብሎ መጨነቅ፣ ይህን ያህል አያዘገየውም። በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ ከባድ ስፖርት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ጡት ሳታጠቢ ወተት የሚያስፈስስ የፕሮላክቲን ሆርሞን መብዛት፣ ፒሲኦኤስ የሚባለው እንቁላል በየወሩ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባትም ምክንያት ይሆናሉ። እርግዝና ከሌለና ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ልጅ አጠባለሁ። ወር አበባዬ አልመጣም። መከላከያ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሦስት ነገር አብሮ መሟላት አለበት፦ ልጁ ከስድስት ወር በታች ይሁን፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ይጥባ፣ ወር አበባም አትመልከቺ። ሦስቱ ካሉ የማርገዝ ዕድልሽ ከ2 በመቶ በታች ነው። አንዱ ከጎደለ፣ ለምሳሌ ሥራ ጀምረሽ ጡጦ ከገባ፣ ያን ቀን መከላከያ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው። ሦስት ወር ቀረብኝ። አረጥኩ ማለት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ አረጡ የሚባለው 12 ወር ሙሉ ምንም ሳያዩ ሲያልፍ ነው። እስከዚያ ድረስ እንቁላል አልፎ አልፎ ይወጣል። አያፍሩ፣ ይመርመሩ፤ «በዚህ ዕድሜ?» እያሉ የቆዩና አምስተኛ ወራቸው ላይ የመጡ እናቶች ገጥመውኛል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ወር አበባ ካየች አምስት ወር ሆናት፤ አንዴ በ25 ቀን አንዴ በ50 ቀን ይመጣል። መጠርጠር አለብኝ?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዛባቱ የተለመደ ነው። ከሦስት ወር በላይ ከቀረ ግን ያሳይዋት። ጥያቄ ካለዎትም ብቻዋን አስቀምጠው፣ ሳይቆጡ ይጠይቋት።

ጥያቄ፦ ትናንት ምርመራው «አለ» አለ። ዛሬ ቡናማ ጠብታ እያየሁ ነው፤ በቀኝ በኩል ከእምብርቴ በታች ይወጋኛል። ተኝቼ ይለፍ?

መልስ፦ አትተኚ። ጠብታው ብቻውን ቢሆን በመጀመሪያ ሳምንታት ብዙዎች ያዩታል። በአንድ ወገን ከሚወጋ ሕመም ጋር ሲመጣ ግን ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ከፈነዳ ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ነው የሚፈስሰው፣ ውጪ ላይ ትንሽ ብቻ ይታያል። የትከሻ ጫፍ ሕመም ወይም ራስ ማዞር ከተጨመረ አንድ ሰዓትም አትቆዪ። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ሰው ቀስቅሺና አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ እዚያ ስትደርሺ «እርጉዝ ነኝ፣ በአንድ በኩል ያመኛል» ብለሽ መጀመሪያ ተናገሪ።