ጥያቄና መልስ፦ የአያት ሽጉጥና ካዝናው

ስለ አሮጌ ሽጉጦችና ስለ ካዝናቸው (ጥይት ስለሚይዘው ሳጥን) ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከለገጣፎ የደረሱኝን ጥያቄዎች ላንሳ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ማንም ግን የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን ሳያረጋግጥ ሽጉጥ አያገላብጥ!

ጥያቄ (ሰበታ)፦ ጋሼ፣ የአያቴ ቤሬታ ጎኑ ላይ 1937 እና የሮማ ቁጥር አለበት። ካዝናው የራሱ ይሆን?

መልስ፦ ቤሬታ የጣሊያን ሽጉጥ ነው፤ የሮማ ቁጥሩም የጣሊያን ፋሺስቶች የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከጥቅምት 1922 ይቆጥራሉ። ከ1937 አጠገብ XV (15) ካየህ ትክክል ነው። ካዝናውን ለማወቅ ግን የጥይቱን ልክ አንብብ። የ1934ቱና የ1935ቱ ሞዴል መንታ ይመስላሉ፤ የ1934ቱ 9 ሚሊ ሜትር አጭር ጥይት ሆኖ ካዝናው 7 ይይዛል፤ የ1935ቱ 7.65 ሆኖ 8 ይይዛል። ሻጭ «የቤሬታ ነው» ስላለህ ብቻ ብር አታውጣ።

ጥያቄ (ቡራዩ)፦ የሉገሬ ሁለተኛ ካዝና ግርጌው ላይ የመደመር ምልክት አለው። ሰው ጭሮበት ነው?

መልስ፦ እንዳትፍቀው! የጀርመን ጦር ለአንድ ሉገር ሁለት ካዝና ይሰጥ ነበር። የሽጉጡ ቁጥር ሁለቱም ላይ ይመታል፤ መጠባበቂያው ላይ መደመር ይጨመርበታል። ቁጥሩ ገጠመ ብለህ ግን ቶሎ አትፈንድቅ፤ ቁጥር መምታት ቀላል ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሉገር ከሆነ የካዝናው ግርጌ እንጨት ነው፤ አሉሚኒየሙ ኋላ የመጣ ነው። እንጨቱን ፀሐይ ላይ አውጥተህ በአጉሊ መነጽር እየው። የድሮ ቁጥር ውስጡ የእጅ ላብ፣ ዘይትና እድፍ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ጠርዙም ዶልዱሟል። እንጨቱ አርጅቶ የቁጥሩ ጠርዝ ስል ከሆነ፣ ውስጡም ከነጣ፣ ትናንት የተመታ ነው። እኔ ቁጥሩ የማይገጥም እውነተኛ ካዝና ከእንዲህ ዓይነቱ እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ለገጣፎ)፦ የአባቴ ማውዘር ሲ 96 ካዝናው የለም። አንድ ሰው «ኦሪጅናሉ አለኝ» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አልጠፋብሽም። የተለመደው ሲ 96 ካዝናው ከአካሉ ጋር የተሠራ ነው፤ ከቃታው ፊት ያለው ሳጥን እሱ ነው። 10 ጥይት በቆርቆሮ ማሰሪያ ከላይ ይጎርሳል። የሚነቀል ካዝና ያለው የ1932ቱ ተከታታይ ተኳሽ ማውዘር ነው። ሰውየውን በሰላም ሸኚው።

ጥያቄ (ሰበታ)፦ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ላንሳው?

መልስ፦ በፍጹም! ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ማህተሙንም ትወስደዋለህ። ዘይት የነካው ጨርቅ ይበቃል።

ጥያቄ (ቡራዩ)፦ ሞላው ደክሟል፤ ብቀይረው ዋጋው ይወድቃል?

መልስ፦ ቀይረው፤ አሮጌውን ግን ጠቅልለህ ከካዝናው ጋር አስቀምጥ። የመሣሪያ ፈቃድ ከሌለህ ደግሞ ከሞላው በፊት እሱን ጨርስ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ።