የዕዳውን መጠን አይታችሁ ብቻ አትፍረዱ

ፋይናንስ ውስጥ ገና የገባችሁ ልጆች፣ የድርጅት ሂሳብ ስታገላብጡ ዕዳው ከሀብቱ ስንት በመቶ እንደሆነ አስልታችሁ ብቻ መዝገቡን አትዝጉት። ዕድሜዬን የብድር ማመልከቻ ሳገላብጥ ነው የኖርኩት፤ ያ ቁጥር ስንቱን እንዳሳሳተ አውቃለሁ።

ሁለት ድርጅቶች እንውሰድ። የሁለቱም ዕዳ ከሀብታቸው 40 በመቶ ነው። ትልቁ ቦንድ ሸጦ ነው የተበደረው፤ ወለዱን እየከፈለ ዋናውን ከ10 ዓመት በኋላ ይመልሳል። ትንሹ ግን በየዓመቱ በሚታደስ ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ባንኩ ሂሳቡ ውስጥ ካለው በላይ እንዲያወጣ በፈቀደለት ብድር፣ ማሽን ገዝቷል። ማሽኑ ወጪውን ለመመለስ 6 ዓመት ይፈጅበታል፣ ባንኩ ደግሞ ዓመቱ ሲሞላ "ዘንድሮ አናድስም" ቢል ማንም አይከለክለውም። በዚያ ላይ መያዣው የባለቤቱ መኖሪያ ቤት ነው። የድርጅቱ ስም ላይ "ኃላፊነቱ የተወሰነ" ተብሎ ተጽፏል፤ ባለቤቱ የግል ዋስትና ፈርሞ ሳለ ምኑ ነው የተወሰነው?

ታዲያ ትንሹስ ለምን ቦንድ አይሸጥም? የጠበቃው፣ የኦዲተሩና ቦንዱን የሚሸጥለት ባንክ ክፍያ ብድሩ ስላነሰ በዚያው ልክ አያንስም፤ ለትልቁ ኢምንት የሆነው ወጪ ትንሹን ይበላዋል።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ሞዲሊያኒና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1958 ግብር፣ ኪሳራና የመረጃ ክፍተት በሌለበት ገበያ የገንዘቡ ምንጭ የድርጅቱን ዋጋ አይለውጥም አሉ። በ1963 ግብሩን ሲጨምሩበት ዕዳ ጥቅም አለው ሆነ፣ ወለድ ግብር ከሚታሰብበት ትርፍ ላይ ይቀነሳላ። ግን ግብር የሚጣልበት ትርፍ ለሌለው ጀማሪ ምን ይረባዋል? ለእኔ ከሥራው ጋር የሚገጥመው የፋይናንስ ተመራማሪዎቹ ማየርስና ማጅሉፍ በ1984 ያሉት ነው፦ የውጭ ሰው የውስጡን ስለማያውቅ ድርጅቱ መጀመሪያ የራሱን ትርፍ ይጠቀማል፣ ከዚያ ይበደራል፣ አክሲዮን መሸጥ የመጨረሻው ነው። ትንሹን ደግሞ ማን ያውቀዋል?

ስለዚህ ብዙ ጊዜ ትንሹ መረጠ አይባልም፤ ያገኘውን ወሰደ እንጂ። እናንተም "ዕዳው በዛ" ከማለታችሁ በፊት መቼ እንደሚከፈል፣ በማን ንብረት እንደተያዘ ጠይቁ።

የአቅራቢ ዱቤንም እዩልኝ። "በ10 ቀን ከከፈልክ 2 በመቶ ቅናሽ፣ ካልሆነ በ30 ቀን ሙሉውን" የሚል ደረሰኝ ነፃ ብድር ይመስላል። ቅናሹን የተወ ሰው ለ20 ቀን 2 በመቶ ገደማ ከፈለ ማለት ነው፤ በዓመት ሲሰላ 37 በመቶ ይሆናል። ባንክ በዚህ ወለድ ላበድርህ ቢለው ተሳድቦ ነበር የሚወጣው።